ማሽኑ «ችግር አለ» አለ፣ ሐኪሟ «የለም» አሉ፤ የቱን ልመን?

የእማዬ ልጅ (ጥያቄውን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሕክምና ውስጥም ኮምፒውተር ውስጥም ያላችሁ ሰዎች ስለምትገኙ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆናት። ለመደበኛ ክትትል ይዣት ስሄድ ነርሷ «ዛሬ ዓይንዎንም እናያለን» አለቻት። አገጯን መደገፊያው ላይ አስደግፋ ሁለቱንም ዓይኖቿን ፎቶ አነሳቻት። ደቂቃ አልፈጀም። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ «ከመለስተኛ በላይ የሆነ የስኳር ጉዳት ምልክት ተገኝቷል፣ ወደ ዓይን ሐኪም ይላኩ»። ፎቶውን ያየ ሰው የለም። ነርሷም «እኔ ማንበብ አልችልም፣ ማሽኑ ነው ያለው» ብላ ወረቀቱን ሰጠችን።

እናቴ መንገድ ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስንገባ «ልታወር ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀጠሮ የደረሰን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ዘጠኙንም ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። አንድ ቀን ሌሊት ተነስቼ ሳልፍ መብራት አብርታ፣ አንዱን ዓይኗን ሸፍና የገዛ እጇን ስታይ አገኘኋት። ሌላውን ሸፍና ደግሞ እንደገና።

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ አድርገው፣ ብሌኗ እስኪሰፋ ጠብቀው፣ በደንብ አዩና «እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም፣ በዓመቱ ተመለሱ» አሉን። ተመስገን ነው። ግን እናቴ አሁን «ማሽኑ ዋሽቶኛል፣ ሁለተኛ ፎቶ አልነሳም» ብላ ቁርጥ አድርጋለች። እኔም ግራ ገባኝ። የቱን ነው የምናምነው? ማሽኑ እንዲህ ከሳተ ለምን ሰው ላይ ይጠቀሙበታል?

ምላሽ 1 – ሬቲና

ወንድሜ፣ እናትህን ይማርልህ። የዓይን ሐኪም ነኝ፣ እንደ እናትህ ያለ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ማሽኑ የሠራው ማጣራት ነው፣ ሐኪሟ የሠሩት ምርመራ ነው። ወንፊትና ሚዛን ለየቅል ናቸው አይደል? እንደዚያ ነው።

በቁጥር ላስረዳህ። የሐኪም አንባቢ ሳያስፈልገው ራሱ ውጤት እንዲሰጥ መጀመሪያ የተፈቀደለት የዓይን ሶፍትዌር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኤፕሪል 2018 ያሳለፈው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) 900 የስኳር ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ፣ ጉዳት ካለባቸው 87 በመቶውን ያዘ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል «የለባችሁም» አለ። ጥሩ ውጤት ነው።

አሁን 1,000 የስኳር ሕመምተኛ አሰልፍ። 100ዎቹ እውነተኛ ጉዳት አለባቸው እንበል። ማሽኑ 87ቱን ይይዛል፣ 13ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 900 ሰዎች ደግሞ አሥር በመቶው፣ ማለትም 90ው፣ ሳይኖርባቸው «አለባችሁ» ይባላሉ። ስለዚህ ወረቀት ይዘው ከሚወጡት 177 ሰዎች ውስጥ 90ው ደህና ናቸው። ከግማሽ በላይ! እናትህ ከነሱ አንዷ ናቸው። ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲህ ያለ ወንፊት በዚህ ዓይነት ሕመም ላይ ሁልጊዜ የሚሰጠው ውጤት ይሄው ነው።

መስመሩ ሆን ተብሎ ወደ ጥንቃቄ ተጠግቶ ነው የተሰመረው። ስኳር የዓይንን ጀርባ ሲጎዳ አያምም። ሰው «ደህና አያለሁ» እያለ ነው የሚጎዳው፣ ማየት ሲያቅተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። አንድ ሰው ሳይያዝ ቀርቶ ዓይኑ ከሚጠፋ፣ አንድ ሰው በከንቱ ቢመላለስ ይሻላል ተብሎ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወረቀቱን የሰጣችሁ ሰው «ይህን ከሚይዙት ግማሽ ያህሉ ደህና ሆነው ይገኛሉ፣ ለማረጋገጥ ነው የምንልክዎ» ቢላችሁ ኖሮ እናትህ ዘጠኝ ሌሊት እጃቸውን እያዩ አያድሩም ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ምላሽ 2 – የእማዬ ልጅ

ዶክተር፣ ማብራሪያው ገብቶኛል፣ ግን አልተዋጠልኝም። ለምን ከመጀመሪያው ሰው አያያትም ታዲያ? ስለነዚህ ማሽኖች ብዙ ተወርቶልናል። ጄፍሪ ሂንተን፣ የዘርፉ ትልቅ ሰው፣ በ2016 የራጅ አንባቢ ሐኪሞችን ማሠልጠን አሁኑኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽን ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስት ዓመቱ አለፈ። የራጅ ሐኪም ዛሬም በየቦታው እየተፈለገ ነው። ሰው ጤናውን በእንዲህ ያለ ትንቢት ላይ አይጥልም።

ምላሽ 3 – ሬቲና

እውነትህን ነው፣ ትንቢቱ ከሽፏል። ግን «ለምን ሰው አያያትም» ላልከኝ መልሱ አጭር ነው፦ አንደርስም። በዓለም ላይ ስኳር ያለበት አዋቂ ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ነው። ሁሉም በየጊዜው ዓይኑ መታየት አለበት። የዓይን ሐኪም ሁሉ ሌላ ሥራ ትቶ ይህንን ብቻ ቢሠራም አይሆንም። ማሽኑ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ጨርሶ የሚያያቸው አልነበረም።

ምላሽ 4 – ኮድና ሻይ

እኔ ከኮምፒውተሩ በኩል ነኝ፣ የሕክምና ምስል ላይ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ማሽኑ እንዴት እንደሚማር ካወቅን ብዙው ነገር ይገለጣል ብዬ አስባለሁ።

ድሮ፣ በ1970ዎቹ፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይሲን የሚባል ፕሮግራም ነበር። የደም ኢንፌክሽን ላለበት ሰው የትኛው አንቲባዮቲክ ይሰጠው የሚለውን እንዲመክር ነው የተሠራው። ሐኪሞች የሚያውቁትን በሕግ መልክ ጻፉለት፦ «ይህ ከሆነና ያ ከሆነ፣ ምናልባት ይህ ባክቴሪያ ነው»። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕጎች። ጥሩ ይሠራ ነበር፣ ግን ሆስፒታል ገብቶ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

የአሁኑ ሕግ አይጻፍለትም። ምሳሌ ብቻ ነው የሚሰጠው። በ2016 ጎግል ያወጣው የዓይን ጥናት ላይ 128,175 ፎቶ ነው ያሳዩት። ፎቶዎቹን 54 ሐኪሞች ደረጃ ሰጥተዋቸዋል፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው አይቶታል። ለምን ብዙ ሰው አስፈለገ ብትሉ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስለማይስማሙ ነው! አንዱ «መካከለኛ» ያለውን ሌላው «መለስተኛ» ይለዋል። ስለዚህ ማሽኑ የተማረው የብዙ ሐኪሞችን ድምፅ ነው። እናትህ ጋ «ማሽን ከሐኪም ተጣላ» የመሰለህ ነገር፣ ብዙ ሐኪሞች ከአንድ ሐኪም ጋር ሳይስማሙ የቀሩም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እስከዛሬ የሚገርመኝ ነው። በ2018 የጎግል ተመራማሪዎች ማሽኑን የዓይን ጀርባ ፎቶ ብቻ እያሳዩ ባለቤቱ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁት። በሚገርም ትክክለኛነት ለየ። ዕድሜንም ገመተ፤ ሲጋራ ማጨስንም በመጠኑ ለየ። ዶክተር፣ እርስዎ በዓይን አይተው መለየት ይችላሉ?

ምላሽ 5 – ሬቲና

አልችልም። የማውቃቸው ባልደረቦቼም አይችሉም። ያን ጥናት ሳነብ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት ፎቶ ውስጥ ያላየሁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ደስም ይላል፣ ያስፈራልም።

ምላሽ 6 – ራጅ ክፍል

የሚያስፈራውን እኔ ልንገራችሁ።

ራጅ አንሺ ነኝ። በቀን ስንት ደረት እንደማነሳ አልቆጥረውም። ሰው ሳነሳ አንዲት ትንሽ የብረት ፊደል ፊልሙ ዳር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቀኝና ግራውን የምትለይ። እኛ ቤት ያለችው ጫፏ ተሸርፏል፣ ስለዚህ የኛን ራጅ ከሺ ራጅ መሃል ብታገኙት በእሷ ብቻ ታውቁታላችሁ።

እና በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከተለያዩ ሆስፒታሎች የመጡ የደረት ራጆችን ሰጥተው ማሽን የሳንባ ምች እንዲለይ አስተማሩት። በተማረበት ቤት ጎበዝ ሆነ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወስዱት ደከመ። ምን ሆኖ ነው ብለው ሲመረምሩት፣ ማሽኑ ራጁ ከየት ሆስፒታል እንደመጣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። ከሚያያቸው ነገሮች አንዷ ያቺ የብረት ምልክት ናት! አንዱ ሆስፒታል ውስጥ የሳንባ ምች የበዛ ስለነበር፣ ሆስፒታሉን ማወቅ ግማሹን መልስ ማወቅ ሆነለት። በተንቀሳቃሽ ማሽን የተነሳ ራጅም እንደዚሁ ነው። ተንቀሳቃሹን ይዘን አልጋ ድረስ የምንሄደው ሕመምተኛው መነሳት ሲያቅተው ነው። ስለዚህ «በተንቀሳቃሽ ተነስቷል» ማለት «በጣም ታሟል» ማለት ነው፣ ሳንባውን ሳያዩት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያቺን ፊደል ሳስቀምጥ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

ኮቪድ ጊዜ ደግሞ ባሰ። ከራጅና ከሲቲ ስካን ኮቪድን እንለያለን የሚሉ ጽሑፎች እንደ አሸን ፈሉ። በ2021 የታተመ ግምገማ 2,212 ጽሑፎችን ሰብስቦ፣ 62ቱን በዝርዝር መርምሮ፣ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል አንድም አላገኘም። አንድም! አንዳንዶቹ «ኮቪድ የሌለበት» ብለው የሰጡት የሕፃናት ራጅ ነበር፣ ኮቪድ ያለበት ደግሞ የአዋቂ። ማሽኑ ሕፃንና አዋቂ መለየት ተምሮ ቁጭ አለ።

ምላሽ 7 – የእማዬ ልጅ

ይኸው! እኔ የምለው ይህንን ነው።

ምላሽ 8 – የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል። ራጅ ክፍል ያልከው ልቤን ነካው።

እኔ የሠራሁበት አንድ ቦታ ሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ ሰውነትን ሁሉ ሲያናውጥ፣ አስቀድሞ ይናገራል የተባለ ሶፍትዌር አስገብተው ነበር። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ምልክቱ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ እሄድ ነበር። ብዙው ጊዜ ሕመምተኛው ቁጭ ብሎ ያወራል። በሦስተኛው ሳምንት መሮጥ ተውኩ። በሁለተኛው ወር ምልክቱን ሳላነብ በጣቴ እዘጋው ጀመር። አንድ ሌሊት ደግሞ ምንም ምልክት ሳይመጣበት አንድ ሰውዬ እጁ ቀዝቅዞ፣ ንግግሩ ተሳስሮ አገኘሁት። ያወቅኩት እጁን ስለያዝኩት ነው። ቶሎ ተደረሰለት፣ ተርፏል።

እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2021 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበትን እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በራሱ ፈትሾ ነበር። ሴፕሲስ ከያዛቸው ሕመምተኞች 67 በመቶውን አላያቸውም፤ እንዲያም ሆኖ ተኝተው ከሚታከሙት ሁሉ 18 በመቶው ላይ ማስጠንቀቂያ ይጮህ ነበር። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጆሮ ይደነድናል። እኔ በገዛ ጣቴ አይቼዋለሁ።

ግን ጠያቂው፣ ካንተም ጋር አልስማማም። የልብ ምቱ ከመዛባቱ ሰዓታት በፊት የሚናገር ደህና መሣሪያ ቢመጣ እንደኔ የሚደሰት የለም። ሌሊት ላይ ለስንት አልጋ አንድ ሰው እንደሆንን ብታውቅ!

ምላሽ 9 – ኮድና ሻይ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ። አንዲት ታሪክ ልጨምር፣ እኛ ዘንድ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የምንነግረው ነው።

የሳንባ ምች የያዘው ሰው የመሞት ዕድሉን እንዲገምት አንድ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ አስተማሩ፣ ዝቅተኛ አደጋ ያለበት ቤቱ ታክሞ እንዲመለስ። ሞዴሉ አስም ያለበት ሰው አደጋው ዝቅ ያለ ነው ብሎ ተማረ። ሐኪም ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ አስም ላይ የሳንባ ምች ሲጨመር ከባድ ነው። ዳታው ግን አልዋሸም። አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች ሲመጣ ሐኪሞቹ በቀጥታ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ያስገቡት ነበር። በደንብ ስለታከመ ነው ያልሞተው። ሞዴሉ ሕክምናውን አያይም፣ ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው። ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ያዳናቸውን ነገር ይነፍጋቸው ነበር። ይህን በ2015 ያሳተሙት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። የያዙት ደግሞ ሞዴሉ ውስጡ የሚነበብ ዓይነት ስለነበረ ነው። ውስጡ የማይነበበው ላይ ተመሳሳይ ስህተት ተደብቆ ቢቀመጥ ማን ያውቃል?

ምላሽ 10 – ጥቁር ነጥብ

ማን ላይ ነው የተማረው የሚለውንም አትርሱ። የቆዳ ሐኪም ለመሆን እየተማርኩ ነው። መጽሐፎቻችን ላይ ያለው ሽፍታ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ነው፣ «ቀይ ሆኖ ይታያል» ይላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ አንዳንዴ በጣት ካልዳሰስከው አይታይም። ማሽኑም የተማረው ከነዚሁ ሥዕሎች ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ሲፈትኑት ብቃቱ መውረዱ በጥናት ታይቷል። የጥቁር ቆዳ ምስሎች ጨምረው እንደገና ሲያስተምሩት ልዩነቱ ጠበበ። ስለዚህ የሚስተካከል ነገር ነው፣ የሚያስተካክለው ካለ።

ሌላው በ2019 በታተመ ጥናት የወጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ነበር፣ ማን ተጨማሪ ክትትል ያስፈልገዋል ብሎ የሚመርጥ። የሕመምን ክብደት የለካው በወጣው የሕክምና ወጪ ነው። ጥቁሮች ግን እኩል ታመውም የሚወጣላቸው ገንዘብ ያንሳል። ስለዚህ ማሽኑ «ጤነኞች ናቸው» አላቸው። ስሌቱ ቢስተካከል ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ይወጣ ነበር። ዘር የሚል ቃል ዳታው ውስጥ አልነበረም። ጥያቄው ብቻ ነው የተሳሳተው፦ «ማን ታሟል?» መባል ሲገባው «ለማን ብዙ ይወጣል?» ተባለ።

ምላሽ 11 – ሁለት ልጆች

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የምነሳ ሴት ነኝ። እህቴ በጡት ካንሰር ታማ ስለነበር ይህን ነገር እከታተላለሁ። ሁሉም መጥፎ መጥፎውን ስላወራ ጥሩውንም ልጻፍ።

ስዊድን ውስጥ 80,000 ያህል ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሞከሩት። እዚያ እያንዳንዱን ማሞግራም ሁለት ሐኪሞች ናቸው የሚያነቡት። ግማሾቹ እንደተለመደው ሆነ። ለሌሎቹ ማሽኑ መጀመሪያ አየና አደጋ ያነሰበትን ለአንድ ሐኪም፣ የበዛበትን ለሁለት ሐኪም ላከ። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ፣ በማሽኑ ወገን 244 ካንሰር ተገኘ፣ በተለመደው 203። በከንቱ ተጠርተው የተደናገጡት ሴቶች በሁለቱም ወገን እኩል ናቸው፣ 1.5 በመቶ። የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ ደግሞ በ44 በመቶ ቀነሰ።

እህቴ ውጤቷን ስትጠብቅ የነበረውን ጊዜ አስባለሁ። ሐኪሙ ግማሽ ሥራው ቢቀንስለት ያን ጊዜ ለሷ ያውለው ነበር።

ምላሽ 12 – ሬቲና

እህቴ፣ ይህ ጥናት እኔንም ያሳመነኝ ነው። ዋናው ነገር በዕጣ ተከፋፍሎ፣ እውነተኛ ሰዎች ላይ፣ ከሐኪም ጋር ተጣምሮ መፈተኑ ነው። የተከማቸ ፎቶ ላይ «ሐኪም በለጥኩ» ማለት ቀላል ነው። ጎግል ያን የዓይን ማሽኑን ታይላንድ ወስዶ 11 ክሊኒኮች ውስጥ ሲያስገባ ከአምስት ፎቶ አንዱን ያህል «ጥራቱ አይበቃም» ብሎ መልሶታል። ክፍሉ በቂ ጨለማ አይደለም፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ነርሶቹ ፎቶው ለዓይናቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ ተመለሰብን ብለው ተማርረዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

ምላሽ 13 – ፋርማሲስት ነኝ

ምርመራው ላይ ብቻ ቆማችሁ ሕክምናውን ረሳችሁት። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው።

አንቲባዮቲክ እያለቀብን ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ለመዱት። በ2020 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ማሽኑን 2,335 ኬሚካሎች አሳዩት፣ የትኛው ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርጋል የትኛው አያደርግም እያሉ። ከዚያ 6,000 ያህል ሌሎች ውህዶች ሰጥተው «ምረጥ» አሉት። ለስኳር ሕመም ተሞክሮ የተተወ አንድ ውህድ አወጣ። አሠራሩ ከምናውቃቸው አንቲባዮቲኮች ጋር አይመሳሰልም፣ የኬሚስት ዓይን አልፎት የሚሄድ ዓይነት ነው። አይጥ ላይ ሲሞክሩት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያን ገደለ። ሃሊሲን ብለው ጠሩት። ገና ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ዓመታት ነው፣ ማሽንም አያሳጥረውም፣ ሰው ላይ መሞከር አለበትና። ፍለጋውን ግን አሳጠረው።

የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ የሚባል ፕሮግራም በ2024 ለሠሪዎቹ የኬሚስትሪ ኖቤል አሰጥቷል። አብዛኛው መድኃኒት የሚሠራው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው፣ ቁልፍና መቆለፊያ በሉት። የመቆለፊያውን ቅርጽ ለማወቅ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጅ ነበር።

ምላሽ 14 – ራጅ ክፍል

ከሕክምናው በኩል አንዱን ቅርብ ነገር ልጨምር። ካንሰርን በጨረር ሲያክሙ ሐኪሙ ሲቲውን ቁርጥ በቁርጥ እያየ ጨረር እንዳይነካቸው የሚፈለጉትን አካላት በእጁ ይከባቸዋል፣ የምራቅ ዕጢውን፣ ኅብለ ሰረሰሩን። አንድ ሰው ላይ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። አሁን ማሽኑ በደቂቃዎች ከብቦ ያቀርባል፣ ሐኪሙ ያርማል። ይህን ማንም አያወራለትም፣ ግን ሕመምተኛው ቶሎ ሕክምና ይጀምራል።

ምላሽ 15 – የእማዬ ልጅ

እሺ፣ የስዊድኑና የጨረሩ አሳምኖኛል። አንድ የቀረኝ አለ። ሐኪሙ ማሽኑን እየለመደ ሲሄድ የራሱ ዓይን አይሰንፍም?

ምላሽ 16 – ሬቲና

ይሰንፋል፣ ምልክቱም ታይቷል። ፖላንድ ውስጥ አንጀትን በካሜራ የሚያዩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ማሽን ከለመዱ በኋላ ያለ ማሽን ሲሠሩ ተለኩ። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን እባጭ የሚያገኙበት መጠን ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ ወርዷል። የታተመው በ2025 ነው። አንድ ጥናት ነው፣ በሌላም መደገም አለበት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ልማድ አውጥቻለሁ። ፎቶውን መጀመሪያ ራሴ አይቼ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ነው የማሽኑን የምከፍተው። ይዘገያል። ይሁን።

ምላሽ 17 – የእማዬ ልጅ

ሁላችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሬ ያለውን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ የእናታችንን ውጤት ሁሉ ለቻትቦት እየላከ መልሱን ያነብላታል። ጥሩ ነው?

ምላሽ 18 – ሬቲና

ለመረዳትና ጥያቄ ለማዘጋጀት ይጠቅማል። መድኃኒት ለመጨመርና ለመቀነስ ግን እንዳይሞክር። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት 50 ሐኪሞችን አስቸጋሪ የሕመምተኛ ታሪኮች ሰጥቶ ፈትኗል። ቻትቦት የያዙት 76፣ ያልያዙት 74 በመቶ አገኙ፤ ቻትቦቱ ብቻውን ከ90 በላይ። ብዙ ሰው ይህን ይዞ «ሐኪም አያስፈልግም» አለ። ግን ታሪኮቹ ተጣርተው፣ ዋና ዋናው ተለይቶ የተጻፉ ናቸው። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው «ዓይኔ ደከመኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ተነስቶ መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት እንዳቋረጠ እስኪነግርህ ድረስ ያለው ነው ሥራው። እናትህ ለወንድምህ ያልነገሩትን ነገር ቻትቦቱም አያውቀውም።

ምላሽ 19 – የእማዬ ልጅ

ገብቶኛል፣ እነግረዋለሁ። እንግዲህ ትናንት የሆነውን ልጻፍ።

ምላሽ 1ን ለእናቴ አነበብኩላት። «ከ177ቱ 90» የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ «ፎቶውን ራሴ ልየው» አለች። ተመልሰን ሄድን፣ የዓይን ሐኪሟም እምቢ አላሉም፣ ፎቶውን ከፍተው አሳዩን። ብርቱካንማ ክብ ነው፣ ደም ሥሮቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ። አጉልተው ሁለት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጥቦች አሳዩን። «ይቺ የስኳር ምልክት ናት፣ ግን ገና መጀመሪያ ነች፣ ሕክምና አያስፈልጋትም» አሉ። ነጥቦቹን ቀድሞም አይተዋቸው ነበር፣ «እዚህ ግባ የሚባል የለም» ያሉን እነሱን ነው። ቀጥሎ አንዲት የምታበራ ነጭ ነጠብጣብ አሳዩን፣ ማሽኑ ምናልባት ከባድ ያለው በሷ ምክንያት ይሆናል ብለው። ከዚያ የሌላኛውን ዓይን ፎቶ ጎን ለጎን ከፈቱት። ነጠብጣቧ እዚያም አለች፣ ልክ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ። የሁለት ዓይን ጉዳት እንዲያ አይገጣጠምም። የካሜራው መስታወት ላይ ያረፈች አቧራ ናት።

እናቴ ስክሪኑን ብዙ አየችው። «ስለዚህ ሁለቱ ነጥቦች እውነት ናቸው» አለች። «አዎ እናቴ፣ ስኳርዎንና ግፊትዎን ከያዝን እዚያው ሊቆሙ ይችላሉ» አሏት። ድንገት የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ወይም ዓይን ላይ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ነገር ካየች ግን ፎቶም ቀጠሮም ሳትጠብቅ በዚያው ቀን እንድትመጣ ነገሯት።

ስንወጣ ነርሷ ጋ ሄደችና ለሚመጣው ዓመት ስሟን አስጻፈች። «ግን ልጄ፣ መጀመሪያ መስታወቱን ጥረጊልኝ» አለቻት። ነርሷ እዚያው ጨርቅ አንስታ ጠረገችው።